የካንዴላው ቀለም ምን ይናገራል? ከሐረጎ ዳገት እስከ ቦርከና ዳር

ኮምቦልቻ፦ ጠዋት ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ርግጫ የተነሣ አሮጌ ሞተር ብስክሌት የሐረጎን ዳገት ሲያያዘው መንተፋተፍ ይጀምራል። ደሴ መግቢያ ላይ ጭሱ ይጠቁራል፣ ጉልበቱ ይከዳል፤ ቆሞ ሲጠብቅ ደግሞ ሚኒሞው አልይዝ ብሎ ይጠፋል። ባለቤቱ ጋራዥ ይገባል። ካቻቢቴ ይወጣል፣ ካርቡሬተሩ ላይ ያለችው ትንሽ ብሎን ወዲህና ወዲያ ትዞራለች፣ ሞተሩ ይረጋጋል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ከሰዓት በኋላ ያው ሞተር ሐረጎን ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ሐርቡ ሜዳ ሲገባ ሌላ ጠባይ ያመጣል። ከልክ በላይ ይግላል፣ ጋዝ ሲሰጡት ይንቀጠቀጣል፤ ዕድለ ቢስ ከሆነም ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተናክሶ መንገድ ላይ ይቀራል።

በደቡብ ወሎ ይህ ችግር የሞተር ብስክሌተኞች ብቻ አይደለም። በየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ለዓመታት ያገለገሉ እንደ ያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 ያሉ ሞተሮች፣ በከተሞቹ የሚርመሰመሱ ካርቡሬተር ያላቸው ባጃጆች፣ በቦርከና ዳርና በሐይቅ ዙሪያ አትክልት የሚያለሙ አርሶ አደሮች የሚጠቀሙባቸው የቤንዚን ውኃ መሳቢያዎች ሁሉ የሚሠሩት በአንድ መርሕ ነው። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ ሲነሣ ቤንዚን የአርሶ አደሩ ዋነኛ ወጪ እየሆነ መጥቷል። ያለ ሥራ በጭስ ማውጫ የሚወጣው ነዳጅም ከሽንኩርቱና ከቲማቲሙ ትርፍ ላይ የሚቀነስ ነው።

ካርቡሬተር የሚሠራው ሥራ ሲገልጹት ቀላል ነው፤ አየርና ቤንዚን ይመጥናል። አየር በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ በፍጥነት ሲያልፍ በዚያ ቦታ ግፊቱ ይቀንሳል። ከሥር ባለው ጽዋ ውስጥ የተጠራቀመው ቤንዚን በቀጫጭን ቀዳዳዎች በኩል ወደዚያ ይሳባል፣ ይበተናል፣ ከአየሩ ጋር ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ገደማ አየር ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ልኩ በክብደት እንጂ በስፍር አለመሆኑ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ በጉዳዩ የሚገቡትም በዚህ ምክንያት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደሴ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ኮምቦልቻ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ፣ ደሴ ላይ ያለው ደግሞ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። በሌላ አነጋገር አንድ ሊትር ቤንዚን በቅጡ እንዲቃጠል ባሕር ዳርቻ ላይ 9 ሜትር ኩብ ያህል አየር ሲበቃው፣ ኮምቦልቻ ላይ 11፣ ደሴ ላይ 12 ሜትር ኩብ ያህል ይፈልጋል።

ካርቡሬተሩ ግን ይህን አያውቅም። የሚያየው የአየሩን ስፍር እንጂ ክብደቱን አይደለም። አየሩ ሲሳሳ የሚስበው ቤንዚንም በመጠኑ ይቀንሳል፤ ነገር ግን በአየሩ ልክ አይቀንስም። በመሆኑም ለባሕር ጠለል ተስተካክሎ ከፋብሪካ የወጣ ካርቡሬተር ኮምቦልቻ ላይ ከሚገባው በላይ ከ10 እስከ 13 በመቶ፣ ደሴ ላይ ደግሞ ከ13 እስከ 16 በመቶ ትርፍ ቤንዚን ያጠጣል። መካኒኮች ይህን ነዳጅ በዛበት ይሉታል፤ ተቃራኒው አየር በዛበት ነው።

ከነዚህ ቁጥሮች አንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ይወጣል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ትልቁ ልዩነት ያለው በፋብሪካውና በወሎ ደጋ መካከል ነው። በጤናው የሚገኝና አንድ ጊዜ ለአካባቢው በትክክል የተመጠነ ሞተር ሐረጎን በወጣና በወረደ ቁጥር ካቻቢቴ አያስፈልገውም፤ በዳገቱ ላይ ጥቂት ጉልበት ያጣል፣ ያ ተፈጥሯዊ ነው። በየጉዞው የሚያስቸግር ሞተር ካለ በሽታው ሌላ ቦታ ነው። እሱን ለማግኘት ደግሞ ከሁሉ የረከሰው መሣሪያ ካንዴላው ራሱ ነው።

ካንዴላ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ትርጉሙ ሻማ ነው። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን የሚሉትም መነሻቸው ያው ነው። የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ደሴን ሲይዝ እንደ ሞቶ ጉዚ ያሉ ሞተር ብስክሌቶች በወረራው ያገለግሉ ነበር። ወራሪው በአምስት ዓመቱ ተባርሯል፤ የመኪና ቃላቱ ግን በኢትዮጵያ ጋራዦች እንደቀሩ አሉ።

ካንዴላው የሚቀመጠው ቃጠሎው በሚካሄድበት ቦታ በመሆኑ በውስጥ የሆነውን ሁሉ በላዩ ላይ ይጽፋል። መሐል ላይ ያለው ነጭ ሸክላ፣ ከሸክላው ጫፍ የምትወጣው ብረትና በላይዋ የምታጎነብሰው ጠምዛዛ ብረት ተነጻጽረው ይታያሉ። ሸክላው ገብስ ቆሎ የመሰለ፣ ማለትም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ ደኅና ነው። እንደ ምጣድ ጥላሸት የጠቆረና በጣት ሲነካ የሚለቅ ደረቅ ዱቄት ካለበት ነዳጅ በዝቶበታል። እንደ ኖራ ከነጣና ጫፉ የተለበለበ ከመሰለ አየር በዝቶበታል ወይም ከልክ በላይ ግሏል። ጥቁር ሆኖ እርጥብና ቅባታም ከሆነ የሚቃጠለው የሞተር ዘይት ነው፤ ባለ አራት ምት ሞተር ላይ ይህ የፒስተን ቀለበት ወይም የቫልቭ መዳከም ምልክት ሲሆን ካርቡሬተሩን መነካካት ምንም አይፈይድም። ሸክላው ላይ ጥቃቅን የሚያብረቀርቁ የብረት ነጠብጣቦች ከታዩ ግን ፒስተኑ መቅለጥ ጀምሯል፤ ያን ሞተር ማስነሣት አይገባም።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ በንባቡ ይሳሳታል። ምክንያቱ የንባቡ ሰዓት ነው። ሞተሩ ሥራ ሲሠራ ውሎ ጋራዥ በር ላይ አምስት ደቂቃ በሚኒሞ ከቆመ በኋላ ካንዴላው ቢፈታ የሚታየው የአምስቱ ደቂቃ ጥላሸት ነው። ቾክ ሳይመለስ የተነዳ ሞተርም እንዲሁ ያሳስታል፤ የደሴ ጠዋት ብርድ ቾክ ያስጎትታል፣ ባለሞተሩም ረስቶት ገበያ ድረስ ይሄዳል።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። ሞተሩ በደንብ ይሞቃል። አዲስ ወይም በደንብ የጸዳ ካንዴላ ይታሰራል። ከዚያ መኪና በማይበዛበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ መመርመር በሚፈለገው የጋዝ መጠን፣ ለምሳሌ ግማሽ ጋዝ ወይም ሙሉ ጋዝ ላይ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። በመጨረሻም ጋዙ ሳይቀነስ ሞተሩ በማጥፊያው ይጠፋል፤ በዚያው ቅጽበት ፍሪሲዮኑ ይያዛል፣ ሞተሩ በራሱ ፍጥነት ዳር ይዞ ይቆማል። ካንዴላው እዚያው መንገድ ዳር ይፈታል። ለሙሉ ጋዝ ፈተና መለስተኛ ዳገት ከሜዳ ይሻላል፤ ሞተሩ ከሕግ በላይ ሳይፈጥን ጭነት ያገኛልና። የሐረጎ ጠመዝማዛ ግን ለዚህ አይመረጥም፤ ከባድ መኪና የሚበዛበትና ዕይታ የሚጋርድ መንገድ ነው። የውኃ መሳቢያ ሞተር ለፈተና የተመቸ ነው። ውኃ እየሳበ ሩብ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ጋዙ ሳይነካ በማጥፊያው ይዘጋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ካንዴላው ይወጣል።

አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ አለ። ነባር መካኒኮች የቀለም ንባብን የተማሩት እርሳስ በተጨመረበት ቤንዚን ዘመን ነው። የዛሬው ቤንዚን እርሳስ የሌለው በመሆኑ ቀለም የሚተወው በዝግታና በስሱ ነው። ጤነኛ ሞተር ላይ ያለ አዲስ ካንዴላ ጫፉ ነጣ ብሎ ሊቆይ ይችላል፤ ይህን አይቶ ብቻ ነዳጅ መጨመር ብክነት ነው። እርግጡን ማወቅ የሚፈልግ ወደ ሸክላው ሥር፣ ሸክላው ከብረቱ አካል ጋር ወደሚገናኝበት ጥልቀት በባትሪ ብርሃን ይመልከት። እዚያ ስስ የጥላሸት ቀለበት ካለ ልኩ ደኅና ነው፤ ቀለበቱ ወደ ላይ ወጥቶ ከወፈረ ነዳጅ በዝቷል፤ ጭራሽ ከሌለ አየር በዝቷል።

ካንዴላው ላይ የተጻፈው ቁጥርም በገበያ ላይ ያሳስታል። ካንዴላ ራሱን ከጥላሸት እንዲያጸዳ ጫፉ ከ450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ መሞቅ አለበት፤ ከ850 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ደግሞ ራሱ እንደ ፍም ሆኖ ቤንዚኑን ከጊዜው በፊት ያቀጣጥላል። ስለዚህ ፋብሪካዎች ሙቀት ቶሎ የሚለቁና የሚይዙ ካንዴላዎችን ይሠራሉ። በጃፓኑ ኤንጂኬ አሰያየም ቢ7ኤችኤስ ከሚለው ላይ 7 ቁጥር ደረጃው ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል። በጀርመኑ ቦሽ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ሞቃት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀየር ቁጥር በቁጥር ማስተያየት ሞተር ያበላሻል። ጥርሱ ገጠመ ማለት ካንዴላው ትክክለኛ ነው ማለትም አይደለም። ጥርሱ የረዘመ ካንዴላ በአጭር ቀዳዳ ቢገባ ፒስተኑን ሊመታ ይችላል።

የካንዴላው ክፍተት ብዙ ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ በየገጠሩ በብዛት በሚታየው የሆንዳ ጂኤክስ 160 ዓይነት የውኃ መሳቢያ ሞተር ከ0.7 እስከ 0.8። ሲታሰር መጀመሪያ በእጅ እስከ መጨረሻው ይዞራል። ከዚያ አዲስ ከሆነ በቁልፍ ግማሽ ዙር፣ የቆየ ከሆነ ከሩብ ዙር ያልበለጠ ይጨመራል። የሞተሩ ራስ አሉሚኒየም ነው፤ በቁልፍ ጀምሮ በኃይል ማሰር ጥርሱን ይልጣል፣ ያን ማስጠገን ከብዙ ካንዴላ ዋጋ ይበልጣል።

ካንዴላው ጥቁር ሆኖ ሲገኝ የብዙዎች እጅ ወዲያው ወደ ካርቡሬተሩ ብሎን ይሄዳል። መቅደም ያለበት ግን ፊልትሮው ነው። በአቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ አየሩን ስለሚያስቀር ውጤቱ ከነዳጅ መብዛት ጋር አንድ ነው። የኮምቦልቻና የቃሉ የበጋ አቧራ ስፖንጅ ፊልትሮን ለመድፈን ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጥቂት የሞተር ዘይት ተቀብቶ ይመለሳል። ጉልበት ያገኛል በሚል ፊልትሮውን አውጥቶ መሥራት ግን ከሁለት በኩል ይጎዳል፤ አየር ይበዛበታል፣ አቧራውም ሲሊንደሩን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል። በአንድ የመስኖ ወቅት ውስጥ ጉልበቱ የተሟጠጠ አዲስ ሞተር ሲገኝ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው።

ቀጥሎ ነዳጁ ይታያል። በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር የሚገዛ ቤንዚን ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ ሊቀላቀልበት ይችላል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ በካርቡሬተሩ ጽዋ ሥር ይተኛል፤ የጽዋውን ማፍሰሻ ብሎን ፈትቶ በንጹሕ ብርጭቆ መቀበል ያሳየዋል። ነጭ ጋዝ ያለበት ቤንዚን እንዲህ በቀላሉ አይለይም፤ ሞተሩ በጭነት ጊዜ እንደ ብረት ሲንኳኳ ግን አንዱ ተጠርጣሪ እሱ ነው። ከዚያ የካርቡሬተሩና የሞተሩ መገናኛ ይፈተሻል። ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ትርፍ አየር ይገባል፣ ካንዴላው ይነጣል፣ ብሎን በማዞር አይስተካከልም። የእሳቱ ጥንካሬም አይዘነጋ፤ የደከመ እሳት ያልተቃጠለ ቤንዚን ስለሚተው ካንዴላውን አጥቁሮ ካርቡሬተሩን በሐሰት ያስከስሳል።

እነዚህ ሁሉ ደኅና ከሆኑ ካርቡሬተሩ ተራው ይደርሳል። በአሮጌ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ያለው ካርቡሬተር አንድ ዕቃ ቢመስልም አራት ሠራተኞች በፈረቃ የሚሠሩበት ቤት ነው። ጋዙ ተዘግቶ እስከ አንድ ስምንተኛ ድረስ የሚያዘው ትንሹ የሚኒሞ ጄትና ከጎኑ ያለችው ብሎን ናቸው። ከዚያ እስከ ሩብ ጋዝ የተንሸራታቹ በር የታችኛው ጠርዝ ቅርጽ ይወስናል። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ በበሩ ላይ የተንጠለጠለችው መርፌ ታዛለች። ከዚያ በላይ ያለው የትልቁ ጄት ግዛት ነው።

ይህን ፈረቃ ያወቀ ባለሞተር የጋራዥ ወጪውን ግማሽ ያህል ያተርፋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዳገት ላይ ሙሉ ጋዝ ሲሰጥ የሚያፍን ሞተር የሚኒሞውን ብሎን በማዞር አይድንም፤ ብሎኗ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ አይደለችምና። በሚኒሞ የሚጠፋ ሞተርም ትልቁን ጄት በመቀየር አይረጋም። መጀመሪያ ችግሩ የሚታየው በየትኛው የጋዝ መጠን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ቀላሉ ዘዴ በጋዝ እጀታው ላይ በነጭ ቀለም ወይም በፕላስተር ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛና ሙሉ የሚሉ ምልክቶችን ማድረግ ነው።

የሚኒሞዋ ብሎን የምትስተካከለው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነው። በመጀመሪያ በቀስታ እስከ መጨረሻው ተዘግታ አንድ ዙር ተኩል ያህል ትከፈታለች፤ አጥብቆ መዝጋት ጫፏን ያበላሻል። ከዚያ በሩብ ሩብ ዙር ወደ ውስጥም ወደ ውጭም እየተሞከረ ሞተሩ ከሁሉ ይልቅ ፈጥኖና ረግቶ የሚዞርበት ቦታ ይፈለጋል። ፍጥነቱ ከጨመረ በሌላኛው የሚኒሞ ብሎን ይቀነሳል። እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ የሁሉም ካርቡሬተር ብሎን አንድ ዓይነት አይደለም። ብሎኗ በፊልትሮው በኩል ካለች የምትቆጣጠረው አየር ነው፤ ስትከፈት አየር ይበዛል። በሞተሩ በኩል ካለች ግን የምትቆጣጠረው ነዳጁን ነው፤ ስትከፈት ነዳጅ ይበዛል። የያማሃን ልማድ ይዞ ባጃጅ ላይ የሚሠራ ሰው መድኃኒቱን በተቃራኒ ሊሰጥ ይችላል።

መርፌዋ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ቀጫጭን ቦዮች አሉ፤ ትንሽ መቆንጠጫ በአንዱ ላይ ትገባለች። መቆንጠጫዋ ወደ ላይኛው ቦይ ስትወጣ መርፌዋ ዝቅ ስለምትል ነዳጅ ይቀንሳል። ለከፍታ ቦታ አንድ ቦይ ወደ ላይ ማውጣት ብዙ ጊዜ በቂ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ትልቁ ጄት በቁጥር የሚለይ የናስ ብሎን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይጠብባል። ቁጥሩን በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ ዝቅ ማድረግ ይበቃል፤ በየደረጃውም ካንዴላው እንደገና ይነበባል። ጄት በሽቦ መጠንቆል ግን የተለመደ ጥፋት ነው። ናስ ልስልስ በመሆኑ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ የሚናገረውና ቀዳዳው የሚሠራው አይገናኙም። በቤንዚን አጥቦ በአየር መንፋት ይሻላል።

ሆንዳ ለጂኤክስ ሞተሮቹ በሚሰጠው መመሪያ ሞተሩ ዘወትር ከ1 ሺህ 500 ሜትር በላይ የሚሠራ ከሆነ የካርቡሬተሩ ጄት ለከፍታ እንዲቀየር ይመክራል። ደሴም ኮምቦልቻም ከዚህ መስመር በላይ ናቸው። ያው መመሪያ ከተስተካከለም በኋላ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት እንደሚቀንስ ይገልጻል። በዚህ ስሌት 5.5 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ ሞተር ኮምቦልቻ ላይ 4.3፣ ደሴ ዙሪያ ከ4 ያነሰ ይሰጣል። በአምራቹ ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር አምኖ ወደ ተራራ ማሳ ውኃ ለመግፋት ያቀደ ማኅበር ይህን ቀድሞ ማስላት አለበት።

የውኃ መሳቢያ ነገር ከተነሣ ካርቡሬተሩ ያለ ጥፋቱ የሚወቀስበት ሌላ ጉዳይ አለ። ፓምፕ ውኃን ከወንዝ የሚያወጣው በራሱ ጉልበት ጎትቶ ሳይሆን የአየሩ ግፊት ውኃውን ወደ ቱቦው እየገፋለት ነው። ባሕር ጠለል ላይ ይህ ግፊት ውኃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ሊያነሣ ሲችል ኮምቦልቻ ላይ 8.2፣ ደሴ ላይ 7.6 ሜትር ገደማ ነው። ይህም በወረቀት ላይ ነው፤ በሥራ ላይ ከ5 እስከ 6 ሜትር ካለፈ ፓምፑ ይደክማል። ስለዚህ ቦርከና በበጋ ጎድሎ ውኃው ሲርቅ ሞተሩን ወደ ውኃው ማስጠጋት እንጂ ካርቡሬተሩን መፍታት አያስፈልግም።

ማስጠጋት ሲባል ግን ሞተሩን በእጅ ወደ ተቆፈረ ጉድጓድ ማውረድ ማለት አይደለም። የቤንዚን ሞተር የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በጉድጓድ ውስጥ ሲጠራቀም ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ነዳጅ የበዛበት፣ ካንዴላው የጠቆረ ሞተር ይህን ጋዝ ይበልጥ ያመነጫል። ሞተር በጠፋ ማግስት እንኳ ጋዙ ጉድጓዱ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። አንዱ ወድቆ ሌላው ሊያወጣው ሲገባ ሁለቱም የሚቀሩበት ምክንያት ይህ ነው። ውኃው ከጥልቀት የሚወጣ ከሆነ ሞተሩ ላይ ሆኖ የሚሠራ ሌላ ዓይነት ፓምፕ ይፈለጋል።

ወደ ሞተር ብስክሌቱ ስንመለስ፣ ደሴና ኮምቦልቻ እየተመላለሰ የሚውል ሰው ሞተሩን ለየትኛው ከተማ ያስተካክል የሚለው ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ዘወትር ከሚደርስባቸው ቦታዎች ለዝቅተኛው ነው። ለቆላ የተስተካከለ ሞተር ደጋ ላይ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ጉዳቱ ብክነትና ጥላሸት ነው። ለደጋ የተስተካከለ ሞተር ቆላ ሲወርድ አየር ይበዛበታል፣ ይግላል፣ ፒስተን ይበላል። ሥራው ደሴና ኮምቦልቻ ከሆነ ኮምቦልቻ ላይ፣ እስከ ሐርቡና ከሚሴ ከሆነ እዚያ ላይ ይስተካከል። ባቲን አልፎ በሚሌ መንገድ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ ሰው ደግሞ የፋብሪካውን ጄት ሳይጥል ይዞ፣ ከመውረዱ በፊት ቢመልሰው ይሻለዋል።

ባለ ሁለት ምት ሞተሮች፣ ማለትም ነባሮቹ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100፣ በሐረጎ ቁልቁለት ላይ የራሳቸው አደጋ አላቸው። በእነዚህ ሞተሮች ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚገባው ከነዳጁ ጋር ነው። በያማሃዎቹ ላይ ዘይቱን የምትለካው ትንሽ ፓምፕ ናት፤ እርሷም የምትታዘዘው ለጋዙ እጀታና ለሞተሩ ፍጥነት ነው። አሽከርካሪው ጋዙን ዘግቶ፣ ማርሹን እንዳስገባ፣ ሞተሩን እንደ ፍሬን እየተጠቀመ 600 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ሞተሩ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ የሚደርሰው ዘይት ግን የሚኒሞ ያህል ነው። ቁልቁለቱ አልቆ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ጋዝ ሲሰጥ የሚናከሰው ለዚህ ነው። መፍትሔው በየመካከሉ ለአፍታ ጋዝ መስጠትና ፍጥነቱን ከሞተሩ ይልቅ በሁለቱም ፍሬን መቆጣጠር ነው። ማርሽ አውጥቶ መውረድ ግን ፍሬኑን ብቻውን ስለሚያስቀር አይመከርም።

ለነዚሁ ሞተሮች ጥንቃቄ ነው ተብሎ ቤንዚኑ ላይ ዘይት ማብዛትም ይታያል። ዘይቱ በጄቱ በኩል የሚያልፈው የቤንዚኑን ቦታ ይዞ ስለሆነ ዘይት ሲበዛ የሚቃጠለው ቤንዚን ያንሳል፤ ሞተሩም አየር እንደበዛበት ይግላል፣ ማርሚታውም በጥላሸት ይደፈናል። ልኩ ፋብሪካው የጻፈው ነው።

በኢንጀክሽን የሚሠሩ አዳዲስ ሞተሮች የአየሩን ሁኔታ በራሳቸው ለክተው ነዳጁን ስለሚያስተካክሉ ይህ ሁሉ አይመለከታቸውም። ካንዴላቸው ግን ያው ይነበባል።

ክረምት ሲገባና ውኃ መሳቢያው ከሥራ ሲያርፍ ቤንዚኑ ካርቡሬተሩ ውስጥ ከከረመ ወደ ሙጫነት ይለወጣል፤ የሚደፍነውም ቀድሞ ትንሹን የሚኒሞ ጄት ነው። የነዳጁን መዝጊያ ዘግቶ ሞተሩን እስኪጠፋ ማስነሣት፣ በጽዋው የቀረውን ማፍሰስ፣ ካንዴላውን ፈትቶ በቀዳዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጹሕ የሞተር ዘይት መጨመር፣ ገመዱን ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ መሳብና ካንዴላውን መመለስ ይበቃል። በመስከረም ሲነሣ ለጥቂት ደቂቃ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ያ የተጨመረው ዘይት ነው።